ደብተሩ በሳጥን፣ ቅጂው በኮምፒውተር፦ የመረጃ ቋትን የሚጠብቁ ባለሙያዎች ምን ይማራሉ?

አርሶ አደሩ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩን በላስቲክ ጠቅልሎ ሳጥን ውስጥ ያኖራል። ዝናብ እንዳይነካው፣ አይጥ እንዳይቆረጥመው ይጠነቀቃል። ብድር ሲጠየቅ፣ ማሳ ለልጅ ሲወርስ፣ ከጎረቤት ጋር የወሰን ክርክር ሲነሳ የሚመዘዘው እርሱ ነውና። ይሁን እንጂ ደብተሩ የያዘው መረጃ ሌላ ማደሪያም ካገኘ ሰንብቷል። በሁለተኛ ደረጃ የመሬት ልኬታና ምዝገባ የማሳው ካርታ፣ ስፋቱ፣ የባልና የሚስት ስም በኮምፒውተር ተመዝግቦ ይቀመጣል። በሳጥን ያለውን ባለቤቱ ይጠብቀዋል። በኮምፒውተር ያለውን የሚጠብቀው ደግሞ ባለመሬቱ ምናልባት በዓይኑ አይቶት የማያውቀው ባለሙያ ነው።

የዚህ ባለሙያ ሥራ የመረጃ ቋት ማበልጸግና ማስተዳደር ይባላል። ቋት ለገጠሩም ለከተማውም ሰው እንግዳ ቃል አይደለም፤ የሚጠራቀም ነገር ማረፊያ ነው። የመረጃ ቋትም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ የተጠራቀመውን ሁሉ በሥርዓት ለይቶ ማስቀመጡና ሲጠየቅ ወዲያው ነቅሶ ማውጣቱ ነው።

ዛሬ በአብዛኛው የምንገለገልበት የመረጃ ቋት አሠራር መሠረቱ የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1970 ነው። በአይቢኤም ኩባንያ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው የሒሳብ ባለሙያ ኤድጋር ኮድ መረጃን በሠንጠረዥ መልክ አስቀምጦ፣ ሠንጠረዦቹን በጋራ ቁጥር ማገናኘት እንደሚቻል በዚያ ዓመት ባሳተመው ጽሑፍ አሳየ። አንዱ ሠንጠረዥ ባለይዞታዎችን፣ ሌላው ማሳዎችን ቢይዝ፣ የባለይዞታው መለያ ቁጥር ሁለቱን ያስተሳስራቸዋል። ጥቂት ዓመታት ቆይቶም ከዚህ ሐሳብ በመነሣት ኤስኪውኤል የተሰኘው የመጠየቂያ ቋንቋ ተፈጠረ። ቋንቋው ከሰው ንግግር እጅግ የራቀ አይደለም፤ «ከማሳ መዝገብ ስፋታቸው ከአንድ ሄክታር የሚበልጡትን ምረጥ» እንደማለት ነው። ዕድሜው ግማሽ ክፍለ ዘመን ቢደርስም እስካሁን የሙያው መግቢያ በር ነው።

በቋቱ ላይ የሚሠራው ሥራ ሁሉ ግን እንደ መጠየቅ የቀለለ አይደለም። የበሬ ዋጋ የሚከፍል ሰው በስልኩ 40 ሺህ ብር ለሻጩ ሲልክ፣ በቋቱ ውስጥ ቢያንስ ሁለት ነገሮች ይከናወናሉ፤ ከገዢው ሒሳብ ይቀነሳል፣ በሻጩ ሒሳብ ላይ ይደመራል። መብራት ወይም ኔትወርክ በመካከል ቢቋረጥ ሁለቱም መፈጸም፣ አለዚያም ሁለቱም መቅረት አለባቸው። አንዱ ተፈጽሞ ሌላው ከቀረ ወይ ገዢው ወይ ባንኩ ይከስራል። ጥሩ የመረጃ ቋት ይህን «ሁሉም ወይም ምንም» የሚባል ሕግ ያስከብራል። ሕጉን በትክክል እንዲያስከብር አድርጎ ማዘጋጀት ግን የአበልጻጊው ድርሻ ነው። የባንክ ሥርዓት ሲታወክ ምን እንደሚመስል የሀገራችን ሰው መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም ሌሊት አይቷል። በዚያ ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው ገንዘብ በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ በመቻላቸው ባንኩ አገልግሎቱን ለሰዓታት ለማቋረጥ ተገድዷል። ምክንያቱ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑንም ባንኩ በወቅቱ ገልጿል።

እንግዲህ ባለሙያው ትምህርቱን አንድ ጊዜ ጨርሶ የሚያርፍበት ሙያ አይደለም። የቋቱ ሶፍትዌር ራሱ በየጊዜው ይለወጣል። ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው እ.ኤ.አ. በ1986 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ በፕሮፌሰር ማይክል ስቶንብሬከር የተጀመረው፣ በኋላም ፖስትግሬስኪውኤል የተባለው ሶፍትዌር ነው። ማንም ያለ ክፍያ ሊጠቀምበት፣ የተጻፈበትንም ፕሮግራም ሊያነበው ይችላል። በየዓመቱ አንድ ዐቢይ ዕትም ይወጣለታል፤ በየሦስት ወሩ ገደማ ደግሞ የጸጥታ ቀዳዳዎችን የሚደፍኑ ማሻሻያዎች ይለቀቁለታል። እያንዳንዱ ዐቢይ ዕትም የሚጠገነው ለአምስት ዓመት ብቻ ነው። በ2012 ዓ.ም መጀመሪያ የወጣው 12ኛው ዕትም ኅዳር 2017 ዓ.ም ላይ የመጨረሻ ጥገናውን አግኝቷል። ከዚያ ወዲህ በዚያ ዕትም ላይ የቀረ መሥሪያ ቤት፣ ክትባት እንዳለፈው የቀንድ ከብት ነው፤ ዛሬ ጤነኛ ቢመስልም በሽታ ሲገባ መከላከያ የለውም። ስለዚህ የሙያው ዜና፣ ማለትም የትኛው ዕትም ወጣ፣ የትኛው ቀዳዳ ተገኘ፣ የትኛው ዕትም ዕድሜው አበቃ የሚለው፣ ለአበልጻጊው እንደ አየር ትንበያ የሚከታተለው ነገር ነው።

ይህ ለኢትዮጵያ የሩቅ ወሬ አይደለም። የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ የተመሠረተበት ሞሲፕ የተሰኘው መድረክ በህንድ ባንጋሎር ከተማ በሚገኝ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተቋም የተጀመረና ምንጩ ለሁሉም ክፍት የሆነ ሥራ ሲሆን፣ መረጃ የሚያከማቸውም በዚሁ በፖስትግሬስኪውኤል ነው።

ዜናን አለመከታተል ምን እንደሚያስከትል በዓለም ላይ በይፋ የታወቀ አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 ማታ፣ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ሥራቸውን በጋራ የሚያስቀምጡበት ጊትላብ የተባለ ኩባንያ የመረጃ ቋቱ ታወከበት። ኩባንያው ዋናውን ቋትና ተከታዩን፣ ማለትም ቅጂውን፣ በሁለት ኮምፒውተሮች ላይ ያኖር ነበር። አንድ ባለሙያ ቅጂውን እንደገና ለማስጀመር በማሰብ በላዩ ያለውን መረጃ እንዲሰረዝ አዘዘ። በቅጂው ላይ ያለ መስሎት የነበረው ሰው ግን በዋናው ኮምፒውተር ላይ ነበር። በሰከንዶች ውስጥ ደንግጦ ትእዛዙን ቢያቆመውም፣ ከ300 ጊጋባይት ገደማ የቀረው 4.5 ጊጋባይት ያህል ብቻ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ማንኛውም ደክሞት ያመሸ ሰው ሊሠራው የሚችለው ስሕተት ነው። የባሰው የታየው መጠባበቂያ ቅጂዎቹ ሲፈለጉ ነው። በየቀኑ ይወሰዳል የተባለው ቅጂ መቀመጫው ባዶ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ ሲመረመር፣ ቋቱ በፖስትግሬስኪውኤል 9.6 ዕትም ይሠራ የነበረ ሲሆን ቅጂ የሚወስደው መሣሪያ ግን የ9.2 ዕትም ነበር። ዕትሞቹ ስላልተጣጣሙ መሣሪያው ሥራውን ሳይፈጽም ያቆም ነበር። «አልተሳካም» የሚለው የኢሜይል ማስጠንቀቂያም በላኪ ማረጋገጫ ጉድለት የተነሣ ተቀባዩ ዘንድ ሳይደርስ ይመለስ ነበር። ሌሎቹ መንገዶችም አንዱ ያልተከፈተ፣ አንዱ የማያገለግል ሆነው ተገኙ። ኩባንያውን ያተረፈው ያው ባለሙያ ከስድስት ሰዓት ያህል አስቀድሞ ለሌላ ሥራ ብሎ በእጁ የወሰደው ቅጂ ነው። ቢሆንም በመካከል የገባው የስድስት ሰዓት መረጃ ጠፍቶ ቀረ፤ ወደ 5 ሺህ የሚጠጉ የሥራ ፕሮጀክቶችና 700 የሚያህሉ አዲስ ተጠቃሚዎች ተነኩ።

ኩባንያው ጉዳዩን አልደበቀም። የማስመለሱን ሥራ በቀጥታ ሥርጭት አሳየ፤ ኋላም ስሕተቱ እንዴት እንደደረሰ ደረጃ በደረጃ ጽፎ ለሁሉም አወጣ። ባለሙያውን «የቡድን አባል 1» ብሎ እንጂ በስሙ አልጠራውም። ይህ ጽሑፍ እስከ ዛሬ ድረስ የመረጃ ቋት አስተዳዳሪዎች የሚያነቡት ትምህርት ሆኖ ይኖራል። በሀገራችን መሥሪያ ቤቶች «ሲስተም የለም» ከሚለው ቃል በኋላ ምን ሆኖ እንደነበር ተጽፎ የሚወጣበት ጊዜ እምብዛም አለመሆኑ ሊያስቆጭ ይገባል፤ ያልተጻፈ ስሕተት በሌላው ወረዳ ይደገማልና።

ታዲያ ከውጭ የሚገኘው ትምህርት ብቻውን ለኢትዮጵያ ይበቃል ማለት አይደለም። የእንግሊዝኛ መማሪያዎች ስምን በሁለት ይከፍላሉ፤ የራስ ስምና የቤተሰብ ስም። እዚህ ግን የአባት ስም የቤተሰብ ስም አይደለም፤ ባልና ሚስትም አንድ ስም አይጋሩም። መማሪያውን እንዳለ የገለበጠ ወጣት አያቱን የሚያስገባበት ቦታ ያጣል፣ ወይም እናትና ልጅ ባዕድ መስለው እንዲመዘገቡ ያደርጋል።

የፊደሉ ጉዳይ ከዚህ ይጠልቃል። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ ወዲህ አማርኛን በማንኛውም ዘመናዊ ቋት መጻፍ ይቻላል፤ አበልጻጊው ቋቱን በትክክል ካዘጋጀው ማለት ነው። ማይኤስኪውኤል የተባለው ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. እስከ 2018 ድረስ፣ ሌላ ካልታዘዘ በቀር፣ ለምዕራብ አውሮፓ ቋንቋዎች በተዘጋጀ አቀማመጥ ይጀምር ነበር። በዚያ የተመዘገበ የአማርኛ ስም የጥያቄ ምልክት ድርድር ሆኖ የሚቀርበት ጊዜ ነበር። አንዴ እንዲህ ሆኖ የተቀመጠ ስም ደግሞ ተመልሶ አይነበብም።

ፊደሉ በደህና ከገባም በኋላ ሌላ ችግር ይጠብቃል። «ኃይሉ» የሚለው ስም በ«ሀ»፣ በ«ሃ»፣ በ«ሐ»፣ በ«ሓ»፣ በ«ኀ» እና በ«ኃ» ሊጻፍ ይችላል። ለአንባቢው ሁሉም አንድ ሰው ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ስድስት ልዩ ልዩ ስሞች ናቸው። ሥዩምና ስዩም፣ ዓለሙና አለሙ፣ ፀሐይና ጸሀይ እንዲሁ ናቸው። ባለጉዳዩ «ስምህ የለም» ተብሎ ከመስኮት የሚመለሰው አንዳንድ ጊዜ መዝገቡ ጠፍቶ ሳይሆን ፊደሉ ተለውጦ ነው። መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም፤ ስሙ ባለቤቱ እንደጻፈው ይቀመጣል፣ ከጎኑ ደግሞ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት ወደ አንድ ተጠቃለው ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሁለተኛ ዓምድ ይዘጋጃል። ይህን ግን የትኛውም የውጭ መማሪያ አይነግርም።

የዘመን አቆጣጠሩም እንደዚያው ነው። ጥቅምት ሁለተኛው ወር ነውና ጥቅምት 30 የተወለደ ሰው ቀኑ «2-30» ተብሎ ቢገባ ቋቱ አይቀበልም፤ የፈረንጆቹ ሁለተኛ ወር 30 ቀን የለውምና። ጳጉሜን የተወለደማ 13ኛ ወር የሚባል ነገር ለቋቱ ጨርሶ አይገባውም። ይበልጥ የሚያሰጋው ግን ቋቱ ሳያጉረመርም የሚቀበለው ነው። መስከረም 5 «1-5» ተብሎ ሲገባ እንደ ፈረንጆቹ ጥር 5 ተቆጥሮ ይቀመጣል። ስሕተቱ የሚታወቀው ጡረታ ሲሰላ ወይም ውርስ ሲጣራ ነው። ጠንቃቃ አበልጻጊ ቀኑን ወደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለውጦ ያስቀምጣል፤ ለባለጉዳዩ ሲያሳይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መልሶ ያወጣል።

ይህን ሙያ ለመጀመር የሚፈልግ የከተማም ሆነ የገጠር ወጣት መነሻው ውድ አይደለም። ኤስኪውላይት የተባለው አነስተኛ የመረጃ ቋት ነፃ ነው፤ ሙሉ ቋቱ በአንድ ፋይል ይቀመጣል፣ በአሮጌ ላፕቶፕም ይሠራል። በአንድሮይድ ስልኮች ውስጥም ሳናውቀው አድራሻና መልእክት የሚያስቀምጥልን እርሱ ነው። የፖስትግሬስኪውኤል መመሪያ ሙሉውን አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ማንበብ ይቻላል፤ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አካባቢ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2011 ለዓለም በነፃ ከከፈታቸው የመጀመሪያዎቹ ሦስት ትምህርቶች አንዱ የፕሮፌሰር ጄኒፈር ዊደም የመረጃ ቋት ትምህርት ነበር። የካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲም የዚሁ ዘርፍ ትምህርቶቹን በዩቲዩብ ለሁሉም ያቀርባል፤ ይህኛው ግን ለጀማሪ ሳይሆን ቋቱ በውስጡ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ለሚሻ ነው። በሀገር ውስጥም ሐምሌ 2016 ዓ.ም የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በፕሮግራም ጽሑፍና በዳታ ሳይንስ መሠረት ለመያዝ ያግዛል። ትልቁ መሰናክል ቋንቋው ነው፤ ሁሉም ማለት ይቻላል በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ የተዘጋጀ ሙሉ መማሪያ ማግኘት አዳጋች ሲሆን፣ ከላይ የተነሡት የስም፣ የፊደልና የቀን ጉዳዮች ተጽፈው የሚገኙበት የጋራ መዝገብ ለዩኒቨርሲቲዎቻችን የኮምፒውተር ክፍሎች የሚመች ሥራ ይሆን ነበር።

እስከዚያው መሥሪያ ቤቶች የመረጃ ቋት ለሚያስተዳድርላቸው ባለሙያ ሊያቀርቡት የሚገባ ጥያቄ አለ። «ቅጂ ይወሰዳል ወይ?» የሚለው አይደለም፤ ጊትላብም ይወሰዳል ብሎ ያምን ነበር። ጥያቄው «ከተወሰደው ቅጂ መረጃውን መልሰን ያየነው መቼ ነው?» የሚለው ነው። ባለጉዳዩም በበኩሉ ደብተሩን ከሳጥኑ ማውጣት የለበትም፤ ቅጂው በኮምፒውተር መኖሩ ወረቀቱን አያስጥልም። ለምዝገባ ሲቀርብ ደግሞ ባለሙያው ስክሪኑን እንዲያዞርለት ጠይቆ ስሙን በፊደሉ፣ የልደት ቀኑን በወሩ ቢያነብ ይበጀዋል። በመታወቂያው «ኃይሉ»፣ በደብተሩ «ሀይሉ» ሆኖ ካገኘውም ማስተካከያውን በዚያው ቀን እዚያው መስኮት ላይ መጠየቅ ይችላል።