ተጨማሪ መረጃ፦ የዓሣ ገንዳ ቧንቧ እንዳያፈስ

የፈሳሽ ግፊት ከጥልቀት ጋር እንደሚጨምር ተምራችኋል። 50 ሳ.ሜ ጥልቀት ባለው የመስታወት ዓሣ ገንዳ ግርጌ፣ ውሃው ብቻውን 4,900 ፓስካል ያህል ግፊት ያሳርፋል። ስለዚህ ከታች ያለው የቧንቧ መጋጠሚያ ይበልጥ ለፍሳሽ ይጋለጣል።

በቧንቧው ጫፍ ዙሪያ የተቀረጸው ጠመዝማዛ መስመር ጥርስ ይባላል። ሁለት ጥርሶች ሲገጥሙ በመካከላቸው ቀጭን ክፍተት ይቀራል፤ ይህ ክፍተት ቴፍሎን በሚባል ቀጭን ጥብጣብ ይደፈናል። የቧንቧውን ጫፍ ወደ እናንተ አዙራችሁ ቴፍሎኑን በሰዓት አቅጣጫ ጠምጥሙት፤ በተቃራኒው ከተጠመጠመ መጋጠሚያው ሲጠብቅ ይተረተራል። የፕላስቲክ መጋጠሚያ ግን ከመጠን በላይ ከጠበቀ ይሰነጠቃል።

ሞክሩ፦ ደረቅ በሚመስል የቧንቧ መጋጠሚያ ላይ ሶፍት ጠቅልሉና ከ10 ደቂቃ በኋላ ተመልከቱት። ረጥቧል? የት ቦታ? ምክንያቱን ለክፍል ጓደኞቻችሁ አስረዱ።