ሐጃጆችን ለማገልገል ሲነሱ፦ ቁስልዎ ድኗል ወይ?

 

የሐጅ ወቅት ሲቃረብ ወደ ፋርማሲ የሚመጡት ጥያቄዎችም ይለወጣሉ። በቅርቡ አንዲት እህት መድኃኒት ልትገዛ መጥታ አማከረችኝ። በጠጠር ምክንያት የሐሞት ከረጢቷ በቀዶ ሕክምና ከወጣ ገና ሦስት ሳምንቱ ነው። አረጋውያን እናቶችን ለመርዳት ከሚጓዙት የበጎ ፈቃድ አገልጋዮች መካከልም ተመርጣለች። «ሐኪሜ አውሮፕላን መሳፈር ትችያለሽ ብሎኛል፤ ታዲያ ምን ያሰጋኛል?» ነበር ያለችኝ። ጥያቄው የብዙዎቻችን ሊሆን ስለሚችል በዚህ ወር ዓምዳችን በሰፊው እንመለከተዋለን።

መልሱን በአጭሩ ለማስቀመጥ፣ ለመሳፈር መብቃትና ለማገልገል መብቃት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በረራው ቀላሉ ክፍል ነው

የእንግሊዝ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን መመሪያ እንደሚለው፣ በትንንሽ ቀዳዳ በካሜራ የተሠራ ቀላል ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ከ1 እስከ 2 ቀን፣ ቀላል የሆድ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ከ4 እስከ 5 ቀን፣ ከባድ የሆድ ወይም የደረት ቀዶ ሕክምና ያደረገ ደግሞ 10 ቀን ያህል ቆይቶ መብረር ይችላል። ዓይኑ ውስጥ ጋዝ የተሞላለት ሰው ግን ጋዙ እስኪጠፋ ድረስ ፈጽሞ መብረር የለበትም።

በአውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ብዙውን ጊዜ ከ1,800 እስከ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር ይመሳሰላል። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ስለዚህ የአዲስ አበባ ሰው የለመደውን አየር እየተነፈሰ ነው ጂዳ የሚደርሰው። ፈተናው የሚጀምረው ከወረደ በኋላ ነው።

አገልጋይ በጂዳና በመካ ምን ይጠብቀዋል? በሶፋና በመርዋ መካከል ያለው ሰዕይ ሰባቱ ሲደመር ብቻ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጠዋፉና ከማረፊያ ወደ ሐረም የሚደረገው ምልልስ በዚህ ላይ ይጨመራል። አገልጋዩ ደግሞ ይህን ሁሉ የሚሄደው ተሽከርካሪ ወንበር እየገፋ፣ ሻንጣ እያነሳ፣ እናቶችን ከአውቶቡስ ደግፎ እያወረደ ነው። እንቅልፉም ትንሽ ነው። ሙቀቱን ብናይ፣ በ2024 (እ.ኤ.አ.) በተደረገው ሐጅ በመስጂደል ሐራም አካባቢ 51.8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ተመዝግቦ ነበር። በዚያ ዓመት ከ1,300 በላይ ሰዎች እንደሞቱ የሳዑዲ መንግሥት አስታውቋል። ሐጅ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ወደ ቀዝቃዛው ወቅት ቢጓዝም፣ በግንቦትም ቢሆን የመካ ሙቀት 40 ዲግሪ ያልፋል።

የቆዳው ስፌት በሁለት ሳምንት ሊጋጠም ይችላል። ከሥር ያለው የሆድ ጡንቻና ሽፋኑ ግን ጥንካሬውን የሚያገኘው ቀስ በቀስ ነው። ከሆድ ቀዶ ሕክምና፣ ከእበጥ (ኸርኒያ) ጥገናም ሆነ በቀዶ ሕክምና ከመውለድ በኋላ ከ4 እስከ 6 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ከባድ ዕቃ እንዳይነሳ የሚመከረው ለዚህ ነው።

ሐኪምዎን እንዴት ይጠይቁ?

«መጓዝ እችላለሁ?» ብለው ብቻ አይጠይቁ። «ሙቀት ባለበት አገር በቀን ብዙ ሰዓት በእግሬ እሄዳለሁ፣ ሰው እደግፋለሁ፣ ወንበር እገፋለሁ፤ ይህን እችላለሁ?» ብለው ይጠይቁ። የሐኪሙ መልስ ያን ጊዜ ሊለይ ይችላል።

ሐኪምዎ ከፈቀደልዎ ራስዎን እቤትዎ ይፈትኑ። በየቀኑ 15 ደቂቃ በመሄድ ጀምረው ቀስ እያሉ ወደ አንድ ሰዓት ያሳድጉት። ሩኩዕና ሱጁድ ሲያደርጉ ያምዎታል? ሲያስሉ ቁስሉን በእጅዎ መያዝ ያስፈልግዎታል? አምስት ሊትር ውሃ የያዘ ጀሪካን ያለ ሕመም ማንሳት ካልቻሉ፣ የአንዲትን እናት ክብደት ለመሸከም ገና ነዎት ማለት ነው።

ለቁስል የሚሆን ምግብ

ሰውነት ቁስሉን የሚጠግነው በዋናነት በፕሮቲን ነው። እንቁላል፣ ወተትና እርጎ፣ ዓሣ፣ ቀይ ሥጋ፣ ምስር፣ ሽሮና ባቄላ በየማዕዱ ይኑሩ። ብርቱካን፣ ዘይቱንና ቃሪያ ለቁስል መዳን የሚያስፈልገውን ቫይታሚን ሲ ይሰጣሉ። ደም የፈሰሰው ሰው ብረት ያላቸውን ምግቦች ያዘውትር፤ ቡናና ሻይ ብረቱ በደንብ እንዳይዋሃድ ስለሚያደርጉ ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል ይራቁ።

የሐሞት ከረጢታቸው የወጣ ሰዎች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቅባት የበዛበት ምግብ ሊያስቀምጣቸው ይችላል። በዐረፋ መንገድ ላይ ይህ ከባድ ችግር ነው። ስለዚህ ትንሽ ትንሽ፣ ግን ቶሎ ቶሎ ይብሉ። በሌላ በኩል የሆድ ድርቀት አስምጦ የተሰፋውን ያስጨንቃል፤ ውሃ፣ ተልባ፣ በሶና ተምር ይረዳሉ። ጫት የምግብ ፍላጎትንና እንቅልፍን ይቀንሳል፣ ሆድን ያደርቃል፤ በሳዑዲ ዓረቢያም በሕግ የተከለከለ ነው።

ጥቁር አዝሙድና ነጭ ሽንኩርት በምግብ መጠን ችግር የላቸውም። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን በብዛት ከመጠቀሙ በፊት ለሐኪሙ ይንገር።

የመድኃኒት ቦርሳዎ

ትራማዶልና ኮዴይን ያለባቸው የሕመም ማስታገሻዎች፣ እንዲሁም እንደ ዳያዜፓም ያሉ የእንቅልፍና የጭንቀት መድኃኒቶች በሳዑዲ ዓረቢያ ጥብቅ ቁጥጥር የሚደረግባቸው ናቸው። ያለ ፈቃድ ይዞ መግባት ለእስር ሊዳርግ ይችላል። ሌላ ሰው «አድርሱልኝ» ቢልዎ እንኳ እሺ አይበሉ። የግድ የሚያስፈልጉዎት ከሆነ አስቀድመው ፈቃድ ይጠይቁ፤ አለበለዚያ ሐኪምዎ እንዲቀይርልዎ ይጠይቁ።

ፓራሲታሞል ለጤናማ አዋቂ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊ ግራሙ ከ8 ፍሬ መብለጥ የለበትም። ብዙ የጉንፋን መድኃኒቶችም ፓራሲታሞል ስላለባቸው ሳያውቁ እንዳይደርቡ። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ደግሞ ውሃ ባነሰው ሰውነት ላይ ኩላሊትን ይጎዳሉ። በዚያ ሙቀት ሐኪም ሳያማክሩ አይዋጡ።

እህቶቼ ይህን በተለይ ልብ በሉልኝ። ብዙዎቻችን በሐጅ ወቅት የወር አበባን የሚያዘገይ ክኒን እንወስዳለን። ኢስትሮጅን ያለባቸው የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒኖች የደም መርጋትን አደጋ ይጨምራሉ፤ ኖርኢቲስቴሮንም በከፍተኛ መጠን ሲወሰድ ጥንቃቄ ያሻዋል። ቀዶ ሕክምና ራሱ እስከ 3 ወር ድረስ ይህን አደጋ ከፍ ስለሚያደርገው ሁለቱ እንዳይደራረቡ ቀዶ ሕክምና ማድረጋችሁን ሳትናገሩ ክኒኑን አትግዙ።

መድኃኒትዎን በዋናው ማሸጊያው፣ ከሐኪም ማዘዣና ደብዳቤ ጋር በእጅ ቦርሳ ይያዙ። ፀሐይ ላይ በቆመ አውቶቡስ ውስጥ አይተዉት።

ክትባት

የማጅራት ገትር ክትባት ቢያንስ ከመድረስዎ 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት። ከኢትዮጵያ ለሚሄድ የቢጫ ወባ ክትባት የምስክር ወረቀትም ያስፈልጋል። ይህኛው ሕይወት ባለው፣ በተዳከመ ቫይረስ የሚሠራ ስለሆነ የሰውነት መከላከያን የሚቀንስ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች አስቀድመው ሐኪም ማማከር አለባቸው። ጣፊያው የወጣለት ሰው በማጅራት ገትር ይበልጥ ስለሚጠቃ ክትባቱን ቸል አይበል። ክትባት ለአንድ ሁለት ቀን ሊያተኩስ ይችላል፤ ከቁስል ማመርቀዝ ጋር እንዳይምታታ የተከተቡበትን ቀን ይመዝግቡ።

እዚያ ሲደርሱ

በአውሮፕላንና በአውቶቡስ ውስጥ እግርዎን ያንቀሳቅሱ። የኢሕራም ቀበቶ ስፌቱ ላይ እንዳያርፍ ከፍ ወይም ዝቅ አድርገው ይታጠቁት። በኢሕራም ውስጥ ለሚቆዩበት ጊዜ ሽታ የሌለው ሳሙናና ቅባት ያዘጋጁ። ቁስሉን ውሃ የሚጎዳው ከሆነ በፋሻ ላይ ስለማበስና ስለ ተየሙም ከመነሳትዎ በፊት ዓሊሞችን ይጠይቁ። ዲናችን ለታመመ ሰው ገር ነው። ዒምራን ኢብን ሑሰይን (ረ.ዐ.) ኪንታሮት ይዟቸው ስለ ሶላት ሲጠይቁ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መቆም ላልቻለ ሰው ተቀምጦ መስገድን እንደፈቀዱ በቡኻሪ ተዘግቧል።

ቁስሉ ከቀላ፣ ከሞቀ ወይም መግል ካወጣ፣ ትኩሳት ከያዘዎ፣ የሐሞት ከረጢቱ የወጣለት ሰው ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ አንድ ባት ብቻ አብጦ ካመመ ወዲያውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ድንገት ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከወጋ ደግሞ ለደቂቃም አይጠብቁ።

ኺድማ አማና ነው

ብዙዎች «እንዳልቀር» ብለው ቀዶ ሕክምናቸውን ከቡድን መሪያቸው ይደብቃሉ። ይህ በራስ ላይ ብቻ የሚደርስ ጉዳት አይደለም። አገልጋዩ ሚና ላይ ቢወድቅ በእሱ ትከሻ ላይ የተደገፉት አረጋውያንም አብረው ይወድቃሉ፤ ሌላውም አገልጋይ ሐጃጁን ትቶ እሱን ሊያስታምም ነው። ስለዚህ ለመሪዎ እውነቱን ይንገሩ። መግፋትና ማንሳት የማይችል ሰው ስም መዝግቦ፣ ቋንቋ አስተርጉሞ፣ የአረጋውያንን መድኃኒት በሰዓቱ አስታውሶ፣ የጠፉትን በስልክ አገናኝቶ ትልቅ ኺድማ ሊሰጥ ይችላል። ይህም ካልሆነ ቦታውን ጤናማ ለሆነ ወንድም ወይም እህት መልቀቅ ራሱ አገልግሎት ነው። በሕመም ምክንያት ከለመደው መልካም ሥራ የታቀበ ሰው አጅሩ እንደሚጻፍለት ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል።

ለዚያች እህት የመከርኳትም ይህንኑ ነው፤ ሐኪሟን ጥያቄዋን ለውጣ ዳግም እንድትጠይቅ፣ መሪዋንም እንድታማክር። አላህ (ሱ.ወ.) ለታመሙት ሺፋውን፣ ለተጓዦች ሰላሙን፣ ለአገልጋዮችም ተቀባይነት ያለውን ሥራ ይስጥልን። አሚን።