ስለ ዕቃ አቅርቦትና ማጓጓዝ ትምህርት

አንባቢ ሆይ፤ የአቅርቦትና የሎጂስቲክስ ትምህርት ሲባል ብዙ ሰው ዕቃ መጫንና ማራገፍ ብቻ ይመስለዋል። «ለዚህ ደግሞ ኮሌጅ መግባት ምን ያስፈልጋል?» የሚልም አይጠፋም። ሆኖም በመሥሪያ ቤትዎ ወረቀት አልቆ ሥራ የቆመበትን ቀን ያስታውሱ፤ ወረቀት ከገበያ ስለ ጠፋ አይደለም፤ ማዘዣው ስለ ዘገየ ነው።

ምሳሌውን ከሩቅ አንፈልግም። ከጅቡቲ የሚመጣውና በ2010 ዓ.ም. የንግድ አገልግሎት የጀመረው የምድር ባቡር ሐዲድ የሚያበቃው በሰበታ ነው። ቡራዩ ግን በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታም ከእንጦጦ ማዶ በጎጃም መንገድ ይገኛሉ። ሦስቱ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል፤ ተራራው ግን ከቦታው አልተነሣም። ስለዚህ ለሱሉልታ ጤና ጣቢያ የታዘዘ መድኃኒት ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ በባቡር ቢጓዝም፣ ገና የመኪና፣ የመጋዘንና የርክክብ ጉዳይ ይቀረዋል።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት በዲግሪ ደረጃ የሚሰጠው ይህ ትምህርት ግዢን፣ የዕቃ አያያዝንና ማጓጓዝን እንደ አንድ ሥራ አያይዞ ያስተምራል። ከዚህ ውስጥ ለእኛ ለጽሕፈት ቤት ሰዎች ይበልጥ የሚጠቅመን የማዘዣ ጊዜ ስሌት ነው። ጤና ጣቢያው በቀን 20 ጥቅል መድኃኒት ቢያወጣና ያዘዘው እስኪደርስ 30 ቀን ቢፈጅ፣ ማዘዝ ያለበት 600 ጥቅል ሲቀረው ነው። መንገድ ቢበላሽ ወይም በሽተኛ ቢበዛ ብሎ የ10 ቀን መጠባበቂያ ቢጨምር፣ ቁጥሩ 800 ይሆናል። መጠባበቂያውን ያለ ልክ ያበዛ እንደ ሆነ መድኃኒቱ በመደርደሪያ ላይ እንዳለ ጊዜው ያልፍበታል፤ ያሳነሰ እንደ ሆነም እናት ልጅዋን ይዛ ባዶ እጅዋን ትመለሳለች። ይህን ስሌት የሚሠራ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አለ ለማለት ግን አያስደፍርም።