ሐያእ ዝምታ አይደለም



ኦቲዝም ያለበት ልጅ ለአካለ መጠን ሲቃረብ ስለ ሰውነቱ ምን እንንገረው? ብዙዎቻችን ሐያእ ይዞን ዝም እንላለን። ኦቲዝም ግን ቡሉግን አያስቀርም፤ ሌሎች ልጆች አይተው የሚረዱትን እርሱ በግልጽ ካልተነገረው ላያውቀው ይችላል።

በሱረቱ አን-ኑር 58ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች እንኳ በሦስት ጊዜያት፣ ከፈጅር በፊት፣ በቀትርና ከዒሻእ በኋላ፣ አስፈቅደው እንዲገቡ አዟል። ትምህርቱ ከቡሉግ በፊት፣ በቤት ውስጥ፣ ሰዓቱ ተለይቶ የተሰጠ ነው። ለእነዚህ ልጆች የሚስማማውም እንዲህ ያለው ግልጽ ሥርዓት ነው። «ነውር ነው!» ብሎ መቆጣት ምንም አይነግራቸውም። «ልብስ የሚወልቀው በሩ ሲዘጋ ነው» እንበላቸው፤ በሥዕል እናሳያቸው፤ በየቀኑ እንድገምላቸው።

ልጃገረዷ ሐይድ ሳይመጣባት ሞዴሱን ትልመደው፤ ወንዱም ስለ ኢሕቲላምና ስለ ጉስል አስቀድሞ ይስማ።

እንደ ቀብሪበያ ባሉ ከተሞቻችን ዘመድ ሳያንኳኳ ይገባል። መታዘዝን ብቻ የተማረ ልጅ ክፉ እጅ ሲነካው እምቢ ማለትን አያውቅም። አውራውን የሚነካው ዘመድም ቢሆን «እምቢ» ብሎ ለእናቱ እንዲነግር እናስተምረው፤ መናገር የማይችል በሥዕል ያመልክት።

ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ እንዲህ ያሉ ብዙ ልጆች ቤት ውስጥ ተደብቀው ይኖሩ ነበር። መደበቅ ከለላ አይሆንም፤ ማስተማር ግን ይሆናል። ልጆቻችን የአላህ አማና ናቸውና።