ጉድጓዱ የሚጀምረው ከሥር ነው

ሐምሌ ሲገባ የአዲስ አበባን ሹፌር የሚያስጨንቀው ውሃ ያቆረ መንገድ ነው። ፊቱ ያለው ኩሬ አንድ ጣት ይጥለቅ ወይም አንድ ክንድ፣ ጎማው እስኪገባበት ድረስ የሚያውቅበት ዘዴ የለውም። ሚኒባሱ ሊሸሸው ሲል ከፊት የሚመጣው መኪና መስመር ውስጥ ይገባል፤ ባጃጁ ወደ ዳር ሲሸሽ እግረኛው ላይ ይጠጋል። ሳይሸሽ የገባበት ደግሞ ወይ ጎማው ይፈነዳል፣ ወይ ቸርኬው ይጣመማል፣ ወይ ባሌስትራው ይሰበራል። የባለታክሲው የቀን ገቢ ጎሚስታ ቤትና ጋራዥ ሲቀር፣ ያ ኪሳራ በየትኛውም የመንገድ በጀት ላይ አይመዘገብም። የሚከፍለው እሱና ቤተሰቡ ነው።

ስለ ጉድጓድ ስናወራ ጣታችንን የምንቀስረው አስፋልቱ ላይ ነው። «ስስ ነው፤ ሬንጅ ቆጥበውበታል» እንላለን። አንዳንዴ እውነት አለን። ነገር ግን አብዛኛው ጉድጓድ የሚጀምረው ከአስፋልቱ በታች፣ ዓይናችን በማይደርስበት ቦታ ነው፤ ጀማሪውም ውሃ ነው። ይህን ካልተረዳን በየዓመቱ እዚያው ቦታ ላይ እዚያኑ ጉድጓድ ስንደፍን እንኖራለን።

አንድ የከተማ መንገድ ቢቆረጥና ጎኑ ቢታይ ከላይ ያለው ጥቁር ንጣፍ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ከእሱ በታች ቤዝ ኮርስ የሚባለው የተፈጨ ድንጋይ አለ። ቀጥሎ ሰብ ቤዝ፣ ከዚያ ገረጋንቲ፣ በመጨረሻም ከጥንት ጀምሮ እዚያው የነበረው አፈር። የመኪናውን ክብደት ተቀብሎ እያሰፋ ወደ አፈሩ የሚያወርደው በዋናነት ይህ ከሥር የተደረደረው ድንጋይ ነው። አስፋልቱ ጎማ የሚነካው ለስላሳ ፊት ይሆናል፤ ከዚያም በላይ ውሃ ወደ ታች እንዳይሰርግ የሚከላከል ጣሪያ ነው። ድንጋዩ ደረቅ እስከሆነ ድረስ መንገዱ ብዙ ይችላል። ከራሰ ግን አቅሙ በእጅጉ ይወድቃል።

ጣሪያው የሚቀደደው እንዲህ ነው። አስፋልቱን ያያያዘው ሬንጅ በፀሐይና በአየር ብዛት ከዓመት ወደ ዓመት ይደርቃል፤ እንደ ድሮው መተጣጠፉን ይተውና ይሰነጠቃል። የመጀመሪያው ስንጥቅ ፀጉር አያክልም፤ ማንም አያየውም። ዝናብ ግን ያገኘዋል። ውሃው ገብቶ ከሥር ያለውን ድንጋይ ካራሰ በኋላ ከባድ መኪና ሲያልፍበት የሚሸሽበት ቦታ ያጣል። ስለዚህ በጉልበት በስንጥቁ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲወጣም ድንጋዩን ያያዘውን ደቃቅ አፈር ይዞ ነው። ከዝናብ በኋላ በአስፋልት ስንጥቅ ዙሪያ ነጣ ያለ ወይም ቡናማ የጭቃ ቅሪት ያየ ሰው፣ የመንገዱ ሆድ እየተጠረገ እንደሆነ ይወቅ። በእያንዳንዱ ጎማ ጥቂት ጥቂት ይወጣል፤ ከሥር ባዶ ቦታ ይፈጠራል። አስፋልቱ የሚደገፍበት ሲያጣ መሐንዲሶች የአዞ ቆዳ የሚሉት ዓይነት መረብ የመሰለ ስንጥቅ ያወጣል። ከዚያ አንዱ ቁራጭ ይላቀቅና ጎማ ወርውሮ ያወጣዋል። በማግስቱ ጎረቤቱ ይከተላል። እኛ «ጉድጓድ ተፈጠረ» የምንለው ያን ጊዜ ነው፤ ነገሩ ግን ካለቀ ቆይቷል።

በብርድ አገሮች ይህን ሥራ የሚያግዘው በረዶ ነው፤ ስንጥቅ ውስጥ የገባው ውሃ ሲረጋ ያብጥና አስፋልቱን ከሥር ይገፋዋል። እኛ ዘንድ በረዶው አያስፈልግም። አዲስ አበባ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ ከዚህም ውስጥ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ነው። ለሁለት ሦስት ወር ሳይደርቅ የሚከርም መንገድ ከሥሩ ለመራስ በቂ ጊዜ አለው።

በዚህ ላይ አፈሩ አለ። ከእንጦጦ ግርጌ ወደ ደቡብና ወደ ምሥራቅ ሲወረድ፣ በቦሌ፣ በለቡ፣ በአቃቂ በኩል ከተማዋ በሰፊው የተዘረጋችው ጥቁር አፈር ላይ ነው። ገበሬው መረሬ ወይም ዋልካ ይለዋል፤ የግንባታ ሰዎች ብላክ ኮተን። ለጤፍ፣ ለሽምብራና ለጓያ የተባረከ አፈር ነው። ለመንገድ ግን ከዚህ የከፋ መሠረት ማግኘት ይከብዳል። ይህ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይኮማተራል። በየካቲትና በመጋቢት እርሻ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣው ያው አፈር፣ በነሐሴ እግር ይዞ አልለቅም የሚል ጭቃ ነው። ከመንገድ ሥርም ባሕርይውን አይለውጥም። በመንገዱ መሐል ያለው አፈር በአስፋልቱ ስለተሸፈነ እርጥበቱ ብዙም አይለዋወጥም፤ ዳርና ዳሩ ግን በክረምት ይርሳል፣ በበጋ ይደርቃል። መሐሉ ባለበት ሲጸና ዳሩ ከፍና ዝቅ ስለሚል፣ በመንገዱ ርዝመት ከጠርዙ ትንሽ ገባ ብሎ የሚሄድ ረጅም ስንጥቅ ይወጣል። በጥቁር አፈር ሰፈሮች የሚኖር አንባቢ ይህን ስንጥቅ በደንብ ያውቀዋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ዝናብ ሌላ በር አያስፈልገውም።

መድኃኒቱ የታወቀ ነው። ጥቁሩን አፈር በበቂ ጥልቀት ቆፍሮ አውጥቶ በገረጋንቲ መተካት፣ ወይም ከኖራ ጋር ደባልቆ ማብጠቱን መቀነስ፣ የመንገዱንም ትከሻ አስፍቶ ውሃ እንዳይገባበት መሸፈን ነው። ሁሉም ገንዘብ ይጠይቃል፤ ሁሉም ከሥር ስለሚቀበር ሪባን በሚቆረጥበት ቀን አይታይም። አንድ መንገድ ሲመረቅ ስለ አስፋልቱ ውፍረት ከመጠየቅ በፊት ስለተቆፈረው አፈር ጥልቀትና ስለ ውሃ መውረጃው መጠየቅ ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ክብደትን በተመለከተ አንድ ትልቅ ሙከራ ሁሉንም ነገር ግልጽ አድርጎታል። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት፣ ኦታዋ በምትባል ከተማ አጠገብ ለሙከራ ብቻ የተሠሩ መንገዶች ላይ ወታደሮች የተጫኑ የጭነት መኪናዎችን ሌት ተቀን ሲነዱ ቆዩ። የተገኘው ውጤት የመንገድ ጉዳት ከአክሰሉ ክብደት ጋር እኩል አያድግም፣ በአራተኛው ርቢ ገደማ ያድጋል የሚል ነው። አክሰሉ ላይ 10 ቶን የተጫነበት መኪና፣ 1 ቶን ካለበት ጋር ሲነጻጸር ጉዳቱ ወደ 10,000 እጥፍ ይጠጋል። በ10 ቶን ፋንታ 12 ቶን የጫነ ደግሞ በ20 በመቶ ትርፍ ጭነት የመንገዱን ጉዳት ከእጥፍ በላይ ያደርሰዋል። እንደ ሞጆ ባሉ ቦታዎች የጭነት መኪና መመዘኛ ጣቢያዎች የቆሙት ለዚህ ነው። የቤት መኪና መንገድ ይጎዳል ማለት ይከብዳል። ከልኩ በላይ አሸዋና ድንጋይ ጭኖ ሌሊት የውስጥ ለውስጥ መንገድ ላይ የሚገባ ገልባጭ መኪና ግን፣ ለእሱ ያልተሠራን ቀጭን መንገድ በአንድ ክረምት ሊጨርሰው ይችላል።

ሌላው የምናውቀው ቁስል ቁፋሮ ነው። የውሃ ቱቦ ለመቅበር፣ የስልክ መስመር ለመዘርጋት ወይም የፍሳሽ መስመር ለማገናኘት አስፋልቱ ይቆረጣል። ሥራው ሲያልቅ የወጣው አፈር ተመልሶ ይጣልበታል፣ በእግር ይረገጣል፣ ከላይ ትንሽ ኮንክሪት ወይም አስፋልት ይደረግበታል። በደንብ ያልተደመደመ አፈር ደግሞ በመጀመሪያው ክረምት ይሰምጣል። አንድ ጊዜ የተቆረጠ አስፋልት፣ መጋጠሚያው በሬንጅ ካልታተመ፣ ለውሃ የተዘጋጀ በር ነው። በቅርብ ዓመታት በኮሪደር ልማቱ መስመሮችን ከመጀመሪያው በጋራ ከመሬት በታች ማስተላለፍ መጀመሩ በዚህ ረገድ ትክክለኛ አካሄድ ነው፤ ከዋና ዋና ጎዳናዎች አልፎ ወደየሰፈሩ መንገድ ቢወርድ ጥቅሙ ይበልጣል።

ጥገናው ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ጉድጓዱ ውስጥ አስፋልት ጥሎ በአካፋ ጀርባ መታ መታ አድርጎ መሄድ ጥገና አይባልም። በትክክል የሚሠራ ቡድን መጀመሪያ ጤነኛው አስፋልት እስኪገኝ ድረስ የጉድጓዱን ዙሪያ በአራት ማዕዘን፣ ጠርዙን ቀጥ አድርጎ ይቆርጣል። ጭቃውንና የላላውን ድንጋይ ሁሉ ያወጣል፤ ከሥር ያለው ከራሰ ያንንም አውጥቶ በደረቅ የተፈጨ ድንጋይ ይተካና ይደመድማል። ጠርዙንና ወለሉን ስስ ሬንጅ ይቀባል። ከዚያ ትኩሱን አስፋልት በንብርብር ይሞላና ይዳምጣል። አስፋልቱ ከማምረቻው ሲወጣ ሙቀቱ ከ140 እስከ 160 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በትራፊክ ተይዞ ሲዘገይና ከ90 ዲግሪ በታች ሲወርድ የቱንም ያህል ቢዳመጥ አይጠብቅም። ያልጠበቀ አስፋልት ውሃ ያሳልፋል። መዳመጥን አዲስ አበባ ከመቶ ዓመት በላይ ታውቀዋለች፤ በአጼ ምኒልክ ዘመን አርመናዊው ሰርኪስ ቴርዝያን ያስመጣው በእንፋሎት የሚሠራ መዳመጫ «የሰርኪስ ባቡር» እየተባለ በከተማው ሰው አፍ ኖሯል።

ዝናብ እየዘነበ ይህን ሥራ በደንብ መሥራት አይቻልም። በክረምት ጉድጓድ ውስጥ የሚጣለው ጠጠርና ገረጋንቲ አደጋን ለመቀነስ እንጂ ለመጠገን አይደለም። ለዚህም ነው ዋናው ጥገና በበጋ፣ ጉድጓዱ ገና ስንጥቅ ሳለ መደረግ ያለበት። ስንጥቅን በሬንጅ ማተም ጥቂት ሠራተኞች በአንድ ቀን ረጅም መንገድ ላይ የሚያከናውኑት ርካሽ ሥራ ነው። ያው ስንጥቅ ሁለት ክረምት ካለፈበት ቁፋሮ፣ ድንጋይ፣ አስፋልትና መዳመጫ ይጠይቃል።

መንገድ ሠርቶ ሳይጠግኑ መተው ምን እንደሚያስከትል አገራችን አንድ ጊዜ በትልቁ አይታዋለች። ጣሊያን በአምስቱ የወረራ ዓመታት ለጦሩ ብሎ የዘረጋቸው መንገዶች ከነጻነት በኋላ በቂ ጠጋኝ አጥተው በአሥር ዓመት ውስጥ ብዙዎቹ ተበላሹ። ኢትዮጵያ በ1943 ዓ.ም. መጀመሪያ ከዓለም ባንክ ለመንገድ የወሰደችው 5 ሚሊዮን ዶላር ብድር ዋና ዓላማው እነዚህኑ መንገዶች መልሶ ማቃናት ነበር። ባንኩ ለአፍሪካ ከሰጣቸው ብድሮች ቀዳሚዎቹ መካከል ነው። በዚያው ዓመት የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ መሥሪያ ቤቱ ስሙን እየለወጠ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር እስከመሆን ደርሷል፤ የአዲስ አበባ መንገዶች ደግሞ ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ የራሳቸው ባለሥልጣን አላቸው። በ1989 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው የመንገድ ፈንድ በዋናነት ከነዳጅ ላይ በሚሰበሰብ ክፍያ ጥገናን ይደግፋል። እንግዲህ ነዳጅ የሚቀዳ ሁሉ ለጥገና ይከፍላል ማለት ነው። በ1989 ዓ.ም. 26,550 ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው የአገሪቱ መንገድ ዛሬ ከ100 ሺህ ኪሎ ሜትር አልፏል። ይህ ሊያኮራን የሚገባ ሥራ ነው፤ እያንዳንዱ አዲስ ኪሎ ሜትር ግን በየዓመቱ ጥገና የሚጠብቅ ኪሎ ሜትር ነው።

ስለ ኮብልስቶን አንድ ነገር ልበል። የውስጥ ለውስጥ መንገዶቻችንን ከጭቃ ያወጣው፣ ለብዙ ወጣቶችም የድንጋይ ጠረባና የንጣፍ ሙያ ያስተማረው እሱ ነው። ትልቁ በጎነቱ ሲበላሽ ድንጋዩ አለመጣሉ ነው፤ ተነቅሎ፣ ከሥሩ ተስተካክሎ፣ ራሱ መልሶ ይነጠፋል። ይህ ግን የሚሆነው ቧንቧ ለመቅበር የነቀለው ሰው መልሶ በሥርዓቱ ሲደረድረው ነው። ዳር ላይ ተከምሮ የቀረ ድንጋይ አንድ በአንድ ይጠፋል፤ የቀሩትም ደጋፊ ሲያጡ ይላላሉ።

ሁሉም ወደ ውሃው ይመልሰናል። መንገድ ሲሠራ ከመሐሉ ወደ ዳሩ በየሜትሩ 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል እንዲያዘነብል ይደረጋል፤ ዝናቡ ወደ ቦዩ እንዲወርድ ነው። ቦዩ በፌስታል፣ በፕላስቲክ ጠርሙስና በግንባታ አፈር ከተደፈነ ግን ውሃው ተመልሶ መንገዱ ላይ ይተኛል። በየዓመቱ አንድ ቦታ ላይ እየተደፈነ የሚመለስ ጉድጓድ ካያችሁ፣ ጉድጓዱን ትታችሁ አጠገቡ ያለውን ቦይ ተመልከቱ። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

ስለዚህ ጥያቄያችንን በግንቦት እናድርግ፤ ነሐሴ ላይ ጊዜው አልፏል። በሰፈራችሁ መንገድ ላይ ስንጥቅ ስታዩ ጉድጓድ እስኪሆን ሳትጠብቁ ለወረዳችሁና ለመንገዶች ባለሥልጣን አመልክቱ። በራችሁ ፊት የቆፈረው አካል መንገዱን እንደነበረ ሳይመልስ እንዳይሄድ ጠይቁ። ቤት የምትሠሩ ሰዎች አሸዋውንና አፈሩን ቦይ ላይ አትከምሩ። ክረምቱ ሳይገባ ደግሞ ጎረቤት ተጠራርታችሁ በደጃችሁ የሚያልፈውን ቦይ ጥረጉ።