ያውቁ ኖሯል? በመትረየስ ዘመን ቆመጥ

በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ መድፍና መትረየስ በነገሡበት የምዕራብ ግንባር፣ ሌሊት ወደ ጠላት ምሽግ የሚሾልኩ ወታደሮች ሚስማር የተመታበት ቆመጥ ይይዙ ነበር። ዋናው ምክንያት የምሽጉ ጥበት ነው። የፈረንሳዮቹ ሌበል ጠመንጃ ሳንጃው ሲሰካበት ርዝመቱ 1.8 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ በጠባብና ጠመዝማዛ ቦይ ውስጥ ይህን አዙሮ መውጋት ጭንቅ ነው። ተኩስ ደግሞ ምሽጉን ሁሉ ይቀሰቅሳል። ስለዚህ ጩቤና ጠርዙ የተሳለ የመቆፈሪያ አካፋ ተፈላጊ ሆኑ። ሳንጃ በተወጋው ሰው አካል ተቀርቅሮ ሊቀር ይችላል፤ አካፋ ግን ወዲያው ለሁለተኛ ምት ይነሣል።

አሜሪካኖች ደግሞ ለዚሁ የቅርብ ርቀት ውጊያ አፈሙዙ ያጠረ ዊንቸስተር ሾትገን ይዘው መጡ፤ በአንድ ተኩስ ብዙ እርሳስ የሚረጭ። ጀርመን እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1918 «መሣሪያው አላስፈላጊ ሥቃይ ስለሚያደርስ የሄግን የጦርነት ሕግ ስምምነት ይጥሳል» ብላ ተቃወመች፤ ይዞት የተማረከ ወታደር ሞት እንደሚጠብቀውም አስጠነቀቀች። የመርዝ ጋዝና የእሳት መርጫ ያሰማራ ጦር አቤቱታ መሆኑ ነው እንግዲህ! አሜሪካ አቤቱታውን አልተቀበለችም፤ ምርኮኞቿ ከተነኩ አጸፋ እንደምትወስድ መለሰች። ሁለት ወር ሳይሞላ ተኩሱ ቆመ።