ቅልጥም የሚያሳምመው የሰፋ ጫማ

ክረምት ሲጠጋ የጎማ ቡትስ የሚገዛ ሰው ከእግሩ ቁጥር ከፍ ያለውን ቢመርጥ ምክንያት አያጣም። ካልሲ ደርቦ ያደርገዋል፤ ልጁም ሲላክ ያጠልቀዋል። በመካነ ሰላምና በዙሪያው ባሉ የቦረና ቀበሌዎች ዋልካው ቁርጭምጭሚት በሚውጥበት ወቅት ይህ ስሌት ብልህነት ይመስላል። ቅልጥም ፊት ለፊት መጠዝጠዝ ሲጀምር ግን የሚከሰሰው ብርዱ፣ ቁልቁለቱ ወይም የጎማው ድርቀት ነው፤ ስፋቱን የሚጠረጥር ጥቂት ነው። ከሁሉ አስቀድሞ መጠርጠር ያለበት ግን እሱ ነው።

ለዚህ ማስረጃው የሚገኘው ከእኛ ሩቅ ከሆነው ከበረዶ ሸርተቴ ነው። የቁልቁለት ሸርተቴ ጫማ እስከ ባት የሚወጣ፣ በማያያዣ የሚቆለፍ ደረቅ ፕላስቲክ ነው። ጀማሪ ቅልጥሙን ሲያመው «ጠበበኝ» ብሎ ሰፋ ያለ ይቀይራል፤ ብዙ ጊዜም ይብስበታል። ተረከዙ ካልተያዘ እግሩ ውስጥ ለውስጥ ወደ ፊት ይንሸራተታል፣ ተረከዙ ይነሳል፣ ቅልጥሙም ደጋግሞ ከጫማው ምላስ ጋር ይጋጫል። ቅልጥም ከፊት በኩል ሥጋ ስለሌለው ምቱ በቀጥታ አጥንቱ ላይ ያርፋል። ሰውየው እንዳይንሸራተት ጣቶቹን ሲቆለምም ደግሞ የእግር ጡንቻዎቹ ዕረፍት ያጣሉ።

ቡትስ ደግሞ ማያያዣም ማሰሪያም የለውም፤ ልኩን ካልጠበቀ የሚይዘው ነገር የለም። ከደጋው ወደ አባይ በረሃ የሚወርድ መንገደኛ በየእርምጃው ጉልበቱን ወደ ፊት ሲያጥፍ ቅልጥሙ የጫማውን አንገት ይገፋል። የቅልጥሙ የፊተኛው ጡንቻ የእግሩ መዳፍ መሬቱን በኃይል እንዳይመታ ቀስ አድርጎ ያወርደዋል፤ ስለዚህ ከዳገት ይልቅ ቁልቁለት ያደክመዋል። የሰፋ ቡትስ በዚህ ላይ የራሱን ግጭት ይጨምራል። ካልሲ መደረብም አያድነውም፤ ተሸብሽቦ ራሱ አጥንት ላይ ይቆረቁራል። የሚሻለው ማታ፣ እግር ካበጠ በኋላ፣ በሚለበሰው አንድ ካልሲ መለካት ነው። ቁልቁል ሲራመዱ ተረከዝ ከወለሉ ካልተላቀቀና ጣቶች ፊቱን ካልነኩ ልክ ነው። አስቀድሞ የተገዛ ሰፊ ጫማ ቢሆን እንኳ በልኩ የተቆረጠ የውስጥ ሶል ክፍተቱን ይቀንሳል።

«አባቶቻችን በባዶ እግራቸው ሄደው ቅልጥማቸውን አላመማቸውም» የሚል ይኖራል። አበበ ቢቂላም እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ ያሸነፈው በባዶ እግሩ ነው፤ ቶኪዮ ላይ በ1964 ግን ጫማ አድርጎ ነበር። ከዚህ በላይ የሚመዝነው ከአፈር የሚመጣው ዝሆኔ ነው። ዝናብ በሚበዛበት ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ የሚያመጣው ይህ በሽታ በአገራችን 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደያዘ ይገመታል፤ ስለዚህ ጫማ አውልቆ መገላገል አይታሰብም። የገንዘቡ ክርክር ይከብዳል። ለአባትና ለልጅ ሁለት ቡትስ መግዛት ለማይችል ቤት «ልክህን ግዛ» ማለት ቀላል አይደለም። ቢሆንም አንዱን ጫማ በዋናነት ረጅም መንገድ በሚሄደው ሰው ልክ መግዛት ተጨማሪ ወጪ አይጠይቅም።

የሚለካውን ለክቶ፣ ለጥቂት ቀናት ቁልቁለት ቀንሶ ሕመሙ ካልለቀቀ ነገሩ ከጫማ አልፏል። በጣት ሲጫኑት አንድ ነጥብ ላይ ብቻ የሚያም፣ ተኝተውም የማይተው ከሆነ የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ስለሚችል መታሸት የለበትም፤ መመርመር አለበት። አንዱ ባት ብቻ አብጦ ከሞቀ፣ ወይም ቅልጥሙ ተወጥሮ የእግር መዳፉ ከደነዘዘ ደግሞ ነገን ሳይጠብቁ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።